ፊደላችን የደረሰው ሰፈሩ ሲፈርስ ነው

ሰሞኑን አንዲት የዘመድ ልጅ ራሷ የሠራችውን ድረ ገጽ በስልኳ አሳየችኝ። ጀርባው ጥቁር ነው፣ ከዋክብት ተረጭተውበታል። ርዕሱ ደማቅ ሮዝ። ከጎኑ አንዲት ትንሽ ኮከብ ትሽከረከራለች። እታች ደግሞ ስንት ሰው እንደገባ የሚቆጥር ቁጥር አለ፤ በዚያን ሰዓት 41 ይላል። ልጅቷ 20 ዓመቷ ነው። እንዲህ ዓይነት ገጾች ኢንተርኔቱን ሞልተውት በነበረ ጊዜ ገና አልተወለደችም።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

«ጋሼ፣ ሰው ሰው ይሸታል እኮ» አለችኝ።

መልሷ ከጆሮዬ አልጠፋም። ደግሞ እሷ ብቻ አይደለችም። ኒኦሲቲስ የሚባል አገልግሎት አለ፤ ካይል ድሬክ የተባለ ፕሮግራመር በ2013 የጀመረው (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። እዚያ እጅግ ብዙ ድረ ገጾች አሉ። በርካታዎቹ በእጅ የተሠሩ ናቸው፣ የ1990ዎቹንም መልክ ይዘዋል። ፋሽን ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እንደ ሰፊ ሱሪ ዞሮ የመጣ። እኔ ግን አይመስለኝም። እነዚህ ልጆች የወደዱት ከመልኩም በላይ መልኩ የመጣበትን መንገድ ነው። አማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ደግሞ ነገሩ ከፋሽን በጣም የራቀ፣ ትንሽም የሚያም ታሪክ አለው። እዚያ ለመድረስ መጀመሪያ ያ ዘመን ምን እንደነበር ማየት አለብን።

ቲም በርነርስ ሊ ጄኔቫ አጠገብ ባለው የሰርን የምርምር ማዕከል ዌብን ሲፈጥር፣ ተመራማሪዎች መረጃ እንዲለዋወጡበት ብሎ ነበር። ኤፕሪል 30 ቀን 1993 ሰርን ዌብን ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። ከዚያ በኋላ ገጽ ለመሥራት ማንንም ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። የሚያስፈልገው ገጹን የሚያስቀምጡበት ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ውድ ነበር።

በ1994 ዴቪድ ቦኔትና ጆን ሬዝነር ካሊፎርኒያ ውስጥ ይህን ችግር የሚፈታ አገልግሎት ጀመሩ። በኋላ ጂኦሲቲስ ተባለ። ለፈለገ ሰው ሁሉ በነጻ ቦታ ይሰጣል። እኔ በጣም የምወደው አሰጣጡን ነው። ቦታው በሰፈር በሰፈር ተከፍሏል። ስለ ኮምፒውተር የሚጽፍ ሰው ሲሊኮን ቫሊ ይገባል። ፊልም የሚወድ ሆሊውድ፣ ሙዚቃ የሚወድ ሰንሴት ስትሪፕ፣ ስለ ፍልስፍና የሚጽፍ አቴንስ፣ ስለ ልጆቹና ስለ ውሻው የሚጽፍ ኸርትላንድ። ሰፈርህን መርጠህ ባዶ ቦታ ትፈልጋለህ፣ የቤት ቁጥር ይሰጥሃል። አድራሻህ ላይ የሰፈርህ ስምና የቤት ቁጥርህ አብረው ይጻፋሉ። ከአንተ ቁጥር አንድ ብትቀንስ ጎረቤትህ ጋ ትደርሳለህ። ሰዎች እውነትም እንደዚያ ያደርጉ ነበር፤ የጎረቤታቸውን በር እያንኳኩ ሰላም ይሉ ነበር።

እስቲ ከእነዚያ ገጾች አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። ያ በከዋክብት የተሞላ ጀርባ አንድ ትልቅ ፎቶ አይደለም። እንደ ወለል ሴራሚክ ጎን ለጎን እየተደጋገመ የሚነጠፍ ትንሽዬ ምስል ነው። ለምን ቢባል፣ የዚያን ጊዜ ፈጣኑ የስልክ ሞደም 56 ኪሎቢት ነው፤ ቢበዛ በሰከንድ 7 ኪሎባይት ማለት ነው። 70 ኪሎባይት የሆነች ፎቶ እስክትመጣ 10 ሰከንድ ትጠብቃለህ፣ ያውም መስመሩ ካልተቆረጠ። ስለዚህ ሰው ሰማይን በሙሉ ከአንዲት ጠብታ ምስል ሠራ። የተጨናነቀ የሚመስለው ነገር ሁሉ እንዲህ ያለ ምክንያት አለው። ለምሳሌ ኤችቲኤምኤል የሚባለው የገጽ መሥሪያ ቋንቋ ያን ጊዜ ጽሑፍን እዚህ፣ ምስልን እዚያ አድርግልኝ የሚባልበት ዘዴ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ሰዎች ለቁጥር ተብሎ የተሠራውን ሠንጠረዥ ወስደው ገጹን በሙሉ በሳጥን በሳጥን ከፋፈሉበት። ሳጥኑ አልስተካከል ሲል የማትታይ፣ አንድ ነጥብ ብቻ የሆነች ምስል ሳብ አድርገው በመሃል ይሸጉጡ ነበር፤ የሚነቃነቅ ጠረጴዛ እግር ሥር ካርቶን አጥፎ እንደማስገባት።

ከዚያ ደግሞ የሚንቀሳቀሱት ትንንሽ ሥዕሎች አሉ። ጂፍ የሚባለው የምስል ዓይነት ከ1987 ጀምሮ የነበረ ቢሆንም፣ ሲንቀሳቀስ ማየት የተለመደው በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ኔትስኬፕ በሚባለው የድረ ገጽ መክፈቻ ላይ ነው። ከሁሉም በላይ የተዘወተረው አካፋ የያዘ ሠራተኛ ነበር፤ ከሥሩ «ገጹ በመሠራት ላይ ነው» የሚል ጽሑፍ ያለው። ይሄ ሠራተኛ በሁሉም ሰው ገጽ ላይ ይቆፍራል። ዛሬ ድርጅት ገጹን ሳይጨርስ አያወጣም። ያን ጊዜ ግን ሰው መሠረቱን እንደጣለ ይገባበት ነበር፤ እየኖረበት አንድ ክፍል ይጨምራል፣ እንደገና ይቀባል።

በር ላይ የእንግዶች መዝገብ ይቀመጣል። የገባ ሰው ስሙንና የመጣበትን አገር ጽፎ ይወጣል። ከመዝገቡ ጎን የጎብኚ መቁጠሪያው አለ። መፈለጊያዎቹ ደካማ ስለነበሩ ደግሞ ሰዎች እርስ በርስ መጠቋቆሚያ ፈጠሩ። ሴጅ ዌል የተባለ ወጣት በ1995 ዌብሪንግ የሚባለውን ነገር ሠራ፤ ስለ አንድ ጉዳይ የሚጽፉ ሰዎች ገጾቻቸውን እንደ ቀለበት ያያይዛሉ፣ አንተ «ቀጣይ» እያልክ ትዞራለህ፣ በመጨረሻ ወደ ጀመርክበት ትመለሳለህ። ማን ምን ያንብብ ብሎ የሚወስን ማሽን በመሃል የለም። ጎረቤት ነው ወደ ጎረቤት የሚመራህ።

ለእኔ ግን ትልቁ ነገር አንድ ነው። የማንኛውንም ገጽ አሠራር ማየት ይቻል ነበር። የወደድከው ገጽ ላይ ማውሱን በቀኝ በኩል ትጫናለህ፣ ሶርሱን አሳየኝ ትላለህ፣ ገጹ የተሠራበት ጽሑፍ እንዳለ ይወጣል። ትቀዳለህ። ቀለሙን ትለውጣለህ። ምን እንደሆነ ታያለህ። እኔ የማውቃቸው የዚያ ዘመን ሰዎች ሁሉ እንዲህ ነው የተማሩት፤ አስተማሪ ሳይኖራቸው፣ ምግብ ከእናታቸው አጠገብ ቆመው እያዩ እንደሚማሩት። ዛሬም ኮምፒውተር ላይ ይሄ ነገር አልጠፋም። ስልክ ላይ ባለ አፕ ግን ቀኑን ሙሉ ብትኖር ከሥሩ ምን እንዳለ አታይም። ማየትም አትፈልግም፤ እንደሚታይ አታውቅምና።

እኔም ገጽ ነበረኝ።

2002 ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔት ለሕዝብ ከተከፈተ አምስት ዓመት ገደማ። ኢንተርኔት ቤት ገብተህ በደቂቃ ሒሳብ ትከፍላለህ። ስለዚህ ሥራውን በሙሉ ቀድሜ ጨርሼ፣ በፍሎፒ ይዤ ነበር የምሄደው። ስለ አያቴ የጻፍኩት ግጥም ነበር፤ እሱን ነው ዓለም እንዲያየው የፈለግሁት። ጀርባው ሰማያዊ፣ ዳር ዳሩን አበባ። «ወደ ገጼ እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ግጥሙ ላይ ስደርስ ቆምኩ።

ምክንያቱን ለማያውቁት ላስረዳ። ዩኒኮድ የሚባል መዝገብ አለ፤ ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚስማሙበት፣ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጥ። የእኛ ፊደል እዚህ መዝገብ ውስጥ የገባው ሴፕቴምበር 1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት ለኮምፒውተር «ሀ» የሚባል ነገር አልነበረም። ፎንት ሠሪዎቻችን ያደርጉ የነበረው የላቲኑን ፊደል ቦታ ወስደው እዚያ ላይ የእኛን መሳል ነው። ኮምፒውተሩ የሚያስበው እንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ ዓይንህ የሚያየው ግን «ሀ»። ትልቅ ብልሃት ነበር፤ ያን የሠሩ ሰዎች ውለታቸው አለብን። ግን አንድ ፎንት ውስጥ ያለው ቦታ 256 ብቻ ነው። 33ቱ ፊደላት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሲዘረዘሩ ብቻቸውን 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጠላ ሰረዞቹ ሲጨመሩ ሞልቶ ይፈሳል። ደግሞ እያንዳንዱ ፎንት ሠሪ የራሱ አደራደር ነበረው። አንተ በአንዱ ጽፈህ፣ አንባቢህ ሌላው ካለው፣ የሚያየው የላቲን ፊደልና የቃለ አጋኖ ክምር ነው። ምንም ፎንት ከሌለውም እንደዚያው።

ከዚህ ለማምለጥ ሰዎች ያልሞከሩት የለም። በ1990ዎቹ ሴራ የሚባል አጻጻፍ ነበር፤ አማርኛን በላቲን ፊደል፣ ግን በወጥ ሕግ መጻፊያ። ትንሹ ቲ «ተ» ነው፣ ትልቁ ቲ «ጠ»። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ስለ ኢትዮጵያ ቀደምት ገጾችን ሲሠሩ አብዛኛውን በእንግሊዝኛ ይጽፉና አማርኛውን በፒዲኤፍ ወይም በምስል ያስቀምጡ ነበር። ዩኒኮድ ከመጣም በኋላ ችግሩ ወዲያው አላለፈም፤ መዝገቡ ላይ ቁጥር ማግኘት አንድ ነገር ነው፣ ያንን ቁጥር የሚያሳይ ፎንት ኮምፒውተሩ ላይ መኖሩ ሌላ። ዊንዶውስ ኒያላ የሚባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው ቪስታ በሚባለው እትሙ ላይ ነው፤ ቪስታ ለሕዝብ የተሸጠው ጃንዋሪ 2007።

እኔ እንግዲህ 2002 ላይ ነኝ፤ ኢንተርኔት ቤት ያለው ኮምፒውተር ላይ ፎንት መጫን አይፈቀድም። ያደረግሁት ይሄ ነው። ጓደኛዬ ቤት ባለ ኮምፒውተር ግጥሙን በወርድ ጻፍኩ። ስክሪኑን እንዳለ ፎቶ አነሳሁት። ፔይንት ላይ ለጥፌ፣ ዳር ዳሩን ቆርጬ፣ ጂፍ አድርጌ አስቀመጥኩ። 24 ስንኝ ያለው ግጥም፣ አንድ ሥዕል ሆኖ። ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ጫንኩት። ሲወጣ ከላይ ወደ ታች፣ መስመር በመስመር ነበር የሚገለጠው፤ የአያቴ ስም ርዕሱ ላይ ስለነበር መጀመሪያ የወጣው እሱ ነው። ያን ደቂቃ አልረሳውም።

ገጹን ያስቀመጥኩበት ነጻ አገልግሎት ከዓመታት በኋላ ተዘጋ። የሰማሁት ከተዘጋ ብዙ ቆይቶ ነው። ፍሎፒውም ጠፋ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የድሮ ገጾች ቅጂ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ አድራሻዬን ብሞክር፣ ገጼ ወጣ። ሰማያዊው ጀርባ አለ። «እንኳን ደህና መጣችሁ» አለ፣ በእንግሊዝኛ። ግጥሙ በነበረበት ቦታ ላይ ግን ባዶ ሳጥን፣ ጥጉ ላይ የተሰበረ ምስል ምልክት። ጽሑፉ ተቀድቷል፣ ሥዕሉ አልተቀዳም። የእኔ አማርኛ ደግሞ ሥዕል ነበር።

ይሄን ሳይ ነው ነገሩ የገባኝ። ከገጼ የተረፈው የሰው ቋንቋ ነው። የራሴ አልተረፈም። በዚያ ዘመን አማርኛ ፊደል ሆኖ ሳይሆን ሥዕል ሆኖ ስለኖረ፣ መፈለጊያ አያገኘውም፣ ማንም ገልብጦ አይወስደውም፣ ሲጠፋም ማንም አያውቅም።

አሁን ወደ ጂኦሲቲስ ልመለስ። ያሁ የተባለው የኢንተርኔት ኩባንያ በ1999 ከ3.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሆነ አክሲዮን ገዛው። በዚያው ክረምት አዲስ ውል አወጣ፤ የነዋሪዎቹ ጽሑፍና ሥዕል ላይ ለራሱ ሰፊ መብት የሚሰጥ። ነዋሪው አመፀ። ገጾቻቸውን አመድ አስመስለው ቀለማቸውን አጠፉ፣ ብዙዎች ጥለው ወጡ፣ ያሁም ውሉን መልሶ አሻሻለ። ግን ሰፈሩ ሰፈርነቱን አጣ። የሰፈር ስምና የቤት ቁጥር ቀርቶ በተጠቃሚ ስም ተተካ። ከአንተ ቁጥር ቀንሰህ የምታገኘው ጎረቤት የለም። ከዚያ ፌስቡክና መሰሎቹ መጡ፣ ሰው ሄደ፣ ኦክቶበር 26 ቀን 2009 ጂኦሲቲስ አሜሪካ ውስጥ ተዘጋ። አዲስ አበባ ሰፈሩ የፈረሰበት ሰው ይሄን ስሜት ለማወቅ ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ቤቱ ብቻ አይደለም የሚሄደው፣ የማን ቤት ከማን ቀጥሎ እንደነበር የሚያውቀው ነገር ነው አብሮ የሚሄደው።

የዳነም አለ። ጄሰን ስኮት የሚመራው አርካይቭ ቲም የተባለ የፈቃደኞች ቡድን ከመዘጋቱ በፊት ሌት ተቀን ሲገለብጥ ከረመ፣ ከዓመት በኋላ ከ600 ጊጋባይት በላይ የሆነውን በነጻ አሰራጨው። ኦሊያ ሊያሊና እና ድራጋን ኤስፐንሺድ የተባሉ አርቲስቶች ያን ክምር ወስደው ገጾቹን አንድ በአንድ፣ በዘመኑ ይታዩ በነበረበት መልክ እንደገና ሲያሳዩ ዓመታት ኖሩ። ሊያሊና እነዚያን ከዋክብትና ሠራተኞች እንደ ሕዝብ ጥበብ ነው የምታያቸው። ትክክል ናት። ሰው የጎጆውን ግድግዳ በጭቃና በአመድ ሲያስጌጥ ምሁር መጥቶ ያከብረዋል፤ ድረ ገጹን ሲያስጌጥ ግን «አስቀያሚ» ተባለ።

ሁለቱን ቀኖች ግን ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ። ጃንዋሪ 2007፣ ዊንዶውስ ፊደላችንን ይዞ መጣ። ኦክቶበር 2009፣ ትልቁ ሰፈር ፈረሰ። በመካከላቸው ሦስት ዓመት እንኳን የለም። በዚያ ላይ አብዛኛው ሕዝባችን ያኔ ኢንተርኔት ገና አላየም፤ ያየው በኋላ ነው፣ በስልክ፣ በቀጥታ ፌስቡክ ላይ፣ ቀጥሎም ቴሌግራም። ማለትም ፊደላችን ያለ ፎንት ጣጣ መጻፍ በጀመረበት ሰዓት ሰው ቤት መሥራት አቁሞ የተዘጋጀ ክፍል እየተከራየ ነበር። ሁሉም ክፍል አንድ ቀለም ነው። ስምህንና ፎቶህን ትሰቅላለህ፣ ሌላው የባለቤቱ ነው። እንግሊዝኛ ጸሐፊ ያን ዘመን ሲናፍቅ የኖረበትን ቤት ነው የሚናፍቀው። እኛ ለመሥራት ያሰብነውን።

በሐቅ መናገር ካለብኝ፣ የድሮው ገጽ ለሁሉም ጥሩ አልነበረም። ብልጭ ድርግም የሚለው ጽሑፍ የሚጥል በሽታ ላለባቸው አንዳንድ ሰዎች አደገኛ ሊሆን ይችላል። በሳጥን የተከፋፈለው ገጽ ማየት ለተሳነውና በድምፅ ለሚያነብ ሰው ቅጡ የጠፋ ነበር። ያን ጊዜ ኢንተርኔት የነበረው ኢትዮጵያዊ ከመቶ አንድ አይሞላም፤ እኔ ፍሎፒ ይዤ ኢንተርኔት ቤት መግባቴ ራሱ ዕድል ነው። እናቴ ድረ ገጽ ሠርታ አታውቅም። ዛሬ ግን ጠዋት ጠዋት በቴሌግራም፣ በራሷ ፊደል፣ «እንዴት አደርክ የኔ ልጅ» ብላ ትጽፍልኛለች። ይሄን የሰጠን አዲሱ ዘመን ነው፤ አልክድም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ዛሬ ግሩም አማርኛ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። የሰፈር ታሪክ፣ የሽሮ አዘገጃጀት፣ የአያት ተረት፣ ስለ ቡና በሽታ ገበሬ የሚረዳው ምክር፣ ሁሉም ይጻፋል። የት? ቻናል ላይ። በማግስቱ 30 ፖስት ይወጣበትና ከሥር ይቀበራል። ከስድስት ወር በኋላ ጎግል ላይ ብትፈልገው ብዙ ጊዜ አታገኘውም። ቻናሉ ከተዘጋ አብሮ ይሄዳል። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም በ2024 እንዳሳየው፣ በ2013 ከነበሩ ድረ ገጾች 38 በመቶዎቹ ከአስር ዓመት በኋላ አይገኙም። ይሄ እንግዲህ አድራሻ ያለው ገጽ ነው። ቻናል ሥር የተቀበረ ጽሑፍማ መጥፋቱ ራሱ አይቆጠርም። የኔ ግጥም ሥዕል ሆኖ እንደጠፋው፣ የዛሬው አማርኛ ደግሞ ፊደል ሆኖ እየጠፋ ነው።

ስለዚህ የዘመዴን ልጅ ገጽ እንደ ጨዋታ አላየሁትም። በኮምፒውተር ከፍቼ ሶርሱን አየሁት፤ የድሮ ልማድ ነው። አጭር ነው፣ ንጹህ ነው። ከላይ ዩቲኤፍ-8 የምትል፣ ጽሑፉ በዩኒኮድ መሆኑን የምትናገር አንዲት መስመር አለች። ይቺ መስመር ከሌለች አማርኛው ሊዘበራረቅ ይችላል፤ ካለች ገጹ የትም አገር፣ የፊደላችን ፎንት ያለው ማንኛውም ስልክ ላይ እንደተጻፈ ይከፈታል። ያኔ እኔ ቀን ሙሉ ፔይንት ላይ ስቆርጥ የዋልኩበት ነገር አሁን አንድ መስመር ሆኗል። ወጪዋ ስንት ነው ብዬ ጠየቅኋት። ምንም አልከፈለችም። የከበዳት ነገር ምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ ምን ልጻፍ የሚለው ነው አለችኝ፤ ላይክ የሚያደርግ ሰው የለማ፣ ዝም ብሎ የራስ ነው።

ስለ ግጥሙ ነገርኳት። የማስታውሰው ስድስት ስንኝ ብቻ ነው። ማታ በስልኬ ጽፌ ላክሁላት።

በማግስቱ ገጿ ላይ አወጣችው። ከዋክብቱ መሃል፣ በነጭ፣ በፊደል። ሶርሱን ከፈትኩ፤ በእንግሊዝኛዎቹ ትእዛዞች መካከል የአያቴ ስም ቁጭ ብሏል። ከስድስተኛው ስንኝ በታች አንድ ትንሽ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ለጥፋለች፤ አካፋ የያዘው ሠራተኛ ነው። ከሥሩ «ጋሼ፣ ቀሪው ትዝ ሲልህ ላክልኝ» ይላል።